ዳታው ሙሉ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም አለ

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮምፒውተር

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ሰው የድሮ ዲስኩን ወደ አዲስ ዲስክ ይገለብጣል። አዲሱን ሲገጥመው ኮምፒውተሩ አይነሳም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ሱቄ የሚመጣውም ባብዛኛው ይኸው ሆኗል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ መልስ ረዘም ይላል፤ የሌሎቹም መነሻ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው።

ከሀዋሳ፣ የፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ ያላት አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነብኝ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ። የድሮው 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነው። የእህቴ ልጅ ሲ ድራይቭን እንዳለ ወደ አዲሱ ኮፒ አደረገልኝ። አዲሱን በዩኤስቢ ስሰካው የሰርግ ፎቶው፣ የአልበም ቴምፕሌቱ፣ የፕሮግራሞቹ ፎልደር፣ ሁሉም አለ። ላፕቶፑ ውስጥ ስንገጥመው ግን ጥቁር ስክሪን ይመጣና ቡት የሚደረግ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ) ዲስክ አልተገኘም ይላል። ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። «ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት» አለኝ። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቼን መልሼ ማግኘቴን እንጃ። ላስደርገው?

መልስ፦ አያስደርጉት፣ እህቴ። ዲስክዎ ላይ የጠፋ ነገር የለም። የጎደለችው አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን፣ ማለትም ለብቻዋ የተከፈለች የዲስኩ ክፍል ናት። እሷን ደግሞ እንደገና መሥራት ይቻላል።

«ፎርማት ይደረግ» የሚለውን መልስ እኔም በየቀኑ እሰማዋለሁ። ለሠሪው ይቀለዋል፤ ፍላሹን ሰክቶ ሻዩን ይጠጣል። ፕሮግራሞቹን እንደገና እየፈለጉ፣ ፎንቱን እየጫኑ፣ ፕሪሴቱን እየሰበሰቡ ሳምንት የሚያቃጥሉት እርስዎ ነዎት። ፎርማት የሚገባበት ቦታ አለ፣ ዝቅ ብዬ እጠቅሰዋለሁ። የእርስዎ ግን አይደለም።

ምን እንደተፈጠረ ልንገርዎት። ላፕቶፑን ሲያበሩት መጀመሪያ የሚነሳው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። በልማድ ሁላችንም ባዮስ እንለዋለን። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ያለው ግን ዩኢኤፍአይ ይባላል። ይህ ፕሮግራም ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚፈልገው በፋት 32 ፎርማት የተደረገች ትንሽ ፓርቲሽን ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ራሱ ይፈጥራታል፤ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ ናት። ፊደል ስላልተሰጣት ከሲ እና ከዲ ጎን አትታይም። የኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን ትባላለች። ውስጧ ቡት ማኔጀር የሚባለው ፋይልና ቢሲዲ የሚባል መዝገብ አለ። ዊንዶውስን ፈልጎ የሚቀሰቅሰው ቡት ማኔጀሩ ነው። የት እንዳለ የሚነግረው ደግሞ ቢሲዲ ነው።

የእህትዎ ልጅ የገለበጠው ሲ ድራይቭን ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ፓርቲሽን የድሮው ዲስክ ላይ ቀርታለች። በዩኤስቢ ሲሰኩት ሁሉም ፋይል የሚታየው፣ ሲገጥሙት ግን የማይነሳው ለዚህ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፓርቲሽኗም አብራ ብትገለበጥ እንኳ የማይነሳበት ጊዜ አለ። ማዘርቦርዱ የሚያስታውሰው «ሁለተኛው ፓርቲሽን» ወይም «ሲ» ብሎ አይደለም። እያንዳንዱ ፓርቲሽን የራሱ 128 ቢት መለያ ቁጥር አለው፤ እሱን ነው የሚይዘው። ቢሲዲም ዊንዶውስ ያለበትን የሚያውቀው በዲስኩና በፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር ነው። የአዲስ አበባ አድራሻ ዓይነት ነገር ነው። «ሰማያዊው ኪዮስክ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ» ተብለው ሄደው ኪዮስኩ ከፈረሰ፣ ቤቱ እዚያው ቆሞ እያለ እርስዎ መንገድ ላይ ቀሩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ 0ኤክስሲ000000ኢ የሚል ቁጥር ካወጣ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቡት ማኔጀሩ ተገኝቷል፤ እሱ ግን ዊንዶውስን የሚፈልገው በድሮው ቁጥር ነው።

እንግዲህ መፍትሔው። የድሮው ሃርድ ዲስክ አሁንም ይሠራል ብዬ ወስጃለሁ፣ ምክንያቱም ተበላሸ አላሉኝም። እንደዚያ ከሆነ አዲሱ ላይ ያለውን ትተው ከመጀመሪያው ይገልብጡት። አሁን ግን አንድ ፓርቲሽን ሳይሆን ሙሉውን ዲስክ። ክሎን የሚያደርጉ (ዲስክን እንዳለ የሚገለብጡ) ፕሮግራሞች ይህ ምርጫ አላቸው። ትንሿን ፓርቲሽን፣ ከጎኗ ያለችውን 16 ሜጋ የማይክሮሶፍት ፓርቲሽን፣ ሲን፣ ሪከቨሪውን፣ ሁሉንም ይወስዳሉ። ጥሩዎቹ ሲጨርሱ የመለያ ቁጥሮቹንም ያስተካክላሉ።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለብዎት። የድሮው 500፣ አዲሱ 480 ነው። ዊንዶውስ ውስጥ 465 እና 447 ሆነው ይታያሉ። ሴክተር በሴክተር፣ ባዶውን ቦታ እንኳ ሳይተው የሚገለብጥ ፕሮግራም ትልቁን ትንሹ ውስጥ አላስገባም ይላል፤ ልክም ነው። ክሎንዚላ የሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ነጻና ጎበዝ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አዲሱ ዲስክ ካነሰ በነባሪ ቅንብሩ እምቢ ስለሚል ለዚህ ሥራ አልመክርዎትም። ማክሪየም የሚባለው ሌላ የመገልበጫ ፕሮግራም ነጻ እትሙ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ድጋፉ ቆሟል። ቀላሉ መንገድ የኤስኤስዲውን ካርቶን ማየት ነው። ሳምሰንግ የራሱ የመገልበጫ ፕሮግራም አለው። ክሩሻል፣ ዌስተርን ዲጂታልና ኪንግስተንም ከብዙዎቹ ዲስኮቻቸው ጋር አክሮኒስ የሚባለውን የመገልበጫ ፕሮግራም በነጻ ይሰጣሉ። እነዚህ ባዶውን ቦታ ትተው ያለውን ዳታ ብቻ ስለሚወስዱ፣ ፋይልዎ ከተመጠነ ወደ ትንሽ ዲስክም ይገባል። ዲስኩ ጢም ብሎ ከሆነ ያለፉትን ዓመታት ሰርጎች መጀመሪያ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ያውጡ። በነገራችን ላይ የደንበኛ ሰርግ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ መኖር የለበትም። ይህን ለስቱዲዮ ባለቤት ሁሉ እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ ግን ዲስኩ አንዴ የሞተበት ብቻ ነው።

ሥራውን ሲጀምሩ መብራቱን ያስቡ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪው የሞተ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ያድርጉት። መሃል ላይ ቢቋረጥ የድሮው ዲስክ ምንም አይሆንም፣ ሲነበብ ነበርና። አዲሱ ግን ግማሽ ሆኖ ይቀራል፣ እንደገና ነው። በዩኤስቢ 2 ከሆነ 300 ጊጋ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ሰማያዊ ምላስ ያለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ካለው እሱን ይጠቀሙ።

«ከ» እና «ወደ» የሚሉትን ዲስኮች ሲመርጡ አይቸኩሉ። መጠኑን እያዩ ይምረጡ። 465ቱ ምንጭ፣ 447ቱ መድረሻ። ተገላብጦ የተመረጠ ክሎን ባዶውን ዲስክ ሰርግዎ ላይ ይገለብጠዋል። ያን ጊዜ እኔም ምንም አላደርግልዎትም።

አሁን የድሮው ዲስክ በእጅዎ ባይኖርስ? ተሽጦ ወይም ሞቶ ቢሆንስ? ያኔም ፎርማት አይደለም። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ይሰካል። ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ሲጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ የእህትዎ ልጅ ሲያያቸው ያውቃቸዋል። ዲስክፓርት ብሎ ገብቶ ሊስት ዲስክ ይበል። ጂፒቲ በሚለው ዓምድ ሥር ኮከብ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ዲስኩ የተዘጋጀው በድሮው አሠራር፣ በኤምቢአር ነው። ያኔ ሥራው ስለሚረዝም ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ይስጡት።

ኮከቡ ካለ እንቀጥል። የሲ ድራይቩን ቮሊውም መርጦ ሽሪንክ በሚለው ትእዛዝ 300 ሜጋ ከጫፉ ይቁረጥ። በተቆረጠው ቦታ ላይ 260 ሜጋ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ይፍጠር፣ በፋት 32 ፎርማት ያድርጋት፣ ኤስ የሚል ፊደል ይስጣት። ፎርማት የምትደረገው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ከዲስክፓርት ወጥቶ ይህን አንድ መስመር ይጻፍ፦ ቢሲዲቡት፣ ክፍተት፣ ሲ ኮለን ባክስላሽ ዊንዶውስ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤስ፣ ክፍተት፣ ኤስ ኮለን፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤፍ፣ ክፍተት፣ ዩኢኤፍአይ። የቡት ፋይሎቹን ራሱ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ካለው ቅጂ አንስቶ አዲሷ ፓርቲሽን ላይ ያስቀምጣል፣ ቢሲዲንም በአዲሱ ቁጥር ይጽፋል። አንድ ወጥመድ አለ። በፍላሽ ሲነሳ ፊደሎቹ ይቀያየራሉ፤ ሲ የነበረው ዲ ወይም ኢ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ዲር ብሎ የዊንዶውስ ፎልደር የት እንዳለ ይይ።

ዩቲዩብ ላይ ለዚህ ችግር ቡትሬክ የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ፊክስኤምቢአር፣ ፊክስቡት እያሉ ይደረድሩታል። እነዚህ ለድሮው አሠራር የተሠሩ ናቸው። በእርስዎ ዓይነት ማሽን ላይ የመጀመሪያው ምንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ «አልተፈቀደልህም» ብሎ ይመልሳል። ጊዜ አያባክኑበት።

ዊንዶውስ ተነስቶ አርማውን ካሳየ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ ቡት የተደረገበትን ዲስክ ላገኘው አልቻልኩም ቢል፣ ቡቱ ተስተካክሏል ማለት ነው። አሁን ያነሰው የዲስኩ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዲስኩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ዲስክ (ሁለቱ የዲስክ ማገናኛ ዓይነቶች ናቸው) ሲያልፉ ወይም ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ሲገጥሙ ነው። አንዴ በሴፍ ሞድ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ዊንዶውስ ያኔ አስፈላጊውን ድራይቨር ለይቶ ይይዛል። ባዮስ ውስጥ የሳታ ሞድ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ ስትሞት ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ኤኤችሲአይ የነበረው ሬይድ ሆኖ ይገኛል። አሮጌ ማሽን ላይ ይህን መጀመሪያ ነው የማየው፣ ምክንያቱም ባትሪዋ ርካሽ ናት።

አዲሱ ሲነሳ የድሮው ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ አይሁን። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ላለው ተማሪ እነግረዋለሁ። ከዚያ የድሮውን ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይነኩት መሳቢያ ውስጥ ያቆዩት።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ

ሰላም ጋሼ። ዴስክቶፔ የድሮ ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ዊንዶውስ 7 ነው ያለው። ለፕሮጀክቴ የሚያስፈልግ አሮጌ ፕሮግራም ስላለበት መቀየር አልፈልግም። የሲ ድራይቭ ኢሜጅ (በፋይል የተቀመጠ ሙሉ ቅጂ) ይዤ ነበር፣ አዲስ ሃርድ ዲስክ ላይ መለስኩት። ሁለቱም ዲስክ ተገጥሞ ሲነሳ ችግር የለም። የድሮውን ስነቅለው ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል። የድሮው ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀምሯል።

መልስ፦ ድምፁን ከሰማህ ሌላውን ሁሉ ተወው። ፕሮጀክትህን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ አውጣ። ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ ነገ ላይነሳ ይችላል። አውጥተህ ስትጨርስ ቀጥለህ አንብብ።

«ሁለቱ ሲገጠሙ ችግር የለም» ያልከው ላይ ነው ነገሩ። እኔ እንደምገምተው እስካሁን የምትሠራው በድሮው ዲስክ ነው። አዲሱ ከጎን ተቀምጦ ያያል። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈትና «ቡት» እና «ሲስተም» የሚሉት ቃላት የትኛው ዲስክ ላይ እንደተጻፉ እይ። ሁለቱም የድሮው ላይ ከሆኑ፣ ኢሜጁን ከመለስክ ወዲህ የሠራኸው ሁሉ ያለው እዚያው በሚጮኸው ዲስክ ላይ ነው። ለዚህም ነው ቅድም ፍላሽ ላይ አውጣ ያልኩህ።

ያንተ ማሽን ለሀዋሳዋ እህታችን ከነገርኳት የተለየ ነው። እውነተኛ ባዮስ ነው። ባዮስ ፋይል አያነብም፣ ፓርቲሽንም አያውቅም። የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ አንስቶ ያስነሳል። ይህች ቦታ ኤምቢአር ትባላለች። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። ከ512ቱ 446ቱ ለፕሮግራሙ ነው፤ የዲስኩ አራት ባይት መለያም እዚያው ጫፍ ላይ ትገኛለች። 64ቱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ነው፣ ለእያንዳንዱ 16 ባይት። አራት ዋና ፓርቲሽን ብቻ የሚፈቀደው ለዚህ ነው፤ 64ን ለ16 አካፍል። የቀሩት ሁለት ባይቶች ማረጋገጫ ፊርማ ናቸው። ፕሮግራሟ ሰንጠረዡን አይታ «አክቲቭ» ተብሎ የተሰየመውን ፓርቲሽን ትፈልጋለች። የእሱን የመጀመሪያ ሴክተር ታስነሳለች። እሱ ቡት ማኔጀርን፣ ቡት ማኔጀር ደግሞ ዊንዶውስን።

አንተ የመለስከው የሲ ኢሜጅን ነው። ኤምቢአሩ የዲስኩ እንጂ የሲ አይደለም፣ ስለዚህ ኢሜጁ ውስጥ የለም። የአክቲቭ ምልክቱም አልተደረገ ይሆናል። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ባዶ ዲስክ ላይ ሲጫን ሲስተም ሪዘርቭድ የምትባል 100 ሜጋ ፓርቲሽን ለብቻዋ ይሠራል። ቡት ማኔጀሩና ቢሲዲው እዚያች ላይ ናቸው። እሷም ቀርታለች። ብልጭ ድርግም የሚለው ሰረዝ ባዮሱ ዲስኩን አግኝቶ የሚያስነሳው ሲያጣ የሚታይ ነው።

መጠገኑ ቀላል ነው። መጀመሪያ የድሮውን ዲስክ ንቀል። የዊንዶውስ 7 ዲቪዲ ወይም ፍላሽ አስገብተህ ሪፔር የሚለውን ምረጥ፣ የትእዛዝ መስኮቱን ክፈት። ዲስክፓርት ውስጥ ዲስኩን፣ ከዚያ ፓርቲሽኑን መርጠህ አክቲቭ ብለህ ጻፍ። ውጣ። ቡትሬክ ስላሽ ፊክስኤምቢአር፣ ቀጥሎ ቡትሬክ ስላሽ ፊክስቡት። ላይ የነቀፍኩት ቡትሬክ የተሠራው በትክክል ላንተ ዓይነት ማሽን ነው። በመጨረሻ ቢሲዲቡት ብለህ የዊንዶውስ ፎልደሩን ስጠው። እዚህ ሌላ ተቀጥላ አያስፈልግም፤ አክቲቭ ያልከው ፓርቲሽን ላይ ራሱ ይጽፋል።

የድሮውን መጀመሪያ ንቀል ያልኩበት ምክንያት ይኸውልህ። ዊንዶውስ የድራይቭ ፊደሎችን ሬጅስትሪ በሚባለው የቅንብር ማከማቻው ውስጥ ይመዘግባል። ማውንትድ ዲቫይስስ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ላይ «ሲ ማለት ይህ መለያ ያለው ዲስክ፣ ከዚህ ቦታ የሚጀምር ፓርቲሽን ነው» ተብሎ ተጽፏል። የተገለበጠው ዊንዶውስም ያንኑ መዝገብ ይዞ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ሲነሳ የድሮው ዲስክ አጠገቡ ካለ፣ ሲ የሚለውን ፊደል ለድሮው ሰጥቶ ራሱን ዲ ያደርጋል። ከዚያ ግማሹ ፋይል ከአዲሱ፣ ግማሹ ከድሮው ይነበባል። የድሮውን ስትነቅል ፓስወርድ ካስገባህ በኋላ ዴስክቶፕህን ሳያሳይ ይቀራል፣ ወይም ጊዜያዊ ፕሮፋይል ከፍቶ ባዶ ዴስክቶፕ ያሳይሃል። ሰው «ኢሜጁ ተበላሽቷል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ኢሜጁ ደህና ነው። በፍላሽ ተነስተህ የዊንዶውሱን የሲስተም ሬጅስትሪ ከፍተህ እዚያ ቦታ ያሉትን መዝገቦች ብታጠፋ፣ በሚቀጥለው ሲነሳ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይሞላቸዋል።

ሙሉ ዲስክ ስትገለብጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ይኖራቸዋል። ዊንዶውስ ይህን ሲያይ አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል። «ኦንላይን አድርግ» ብለህ ስትጫን መለያውን ይቀይርለታል። ያን ዲስክ በኋላ ለብቻው ስትገጥመው ቢሲዲው የሚፈልገው የድሮውን መለያ ነው፣ አያገኘውም። አንዲት ክሊክ ናት፣ ማስጠንቀቂያም አትሰጥም። ክሎን ያደረግከውን ዲስክ ፋይል ልይበት ብለህ በዩኤስቢ ከመሰካትህ በፊት መጀመሪያ ለብቻው ገጥመህ ሞክረው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እንደምን አለህ ወንድሜ። ለወንድሜ ልጅ ወደ አዲስ አበባ የምልከው ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ አለኝ። ትልቅ ዲስክ ልግጠምለት ብዬ የራሴን ሴክተር በሴክተር ገለበጥኩት። አሁን ሲበራ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቀኛል። እኔ ምንም ዓይነት ቁልፍ አላደረግኩም።

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ባያደርጉትም ዊንዶውስ አድርጎታል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ የዲስክ ምስጠራው በራሱ ይበራል። ቢትሎከር ነው። ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቲፒኤም ቺፕ ይጠበቃል። ቺፑ በአነሳሱ ላይ የተለወጠ ነገር ሲያይ ቁልፉን አይሰጥም፣ ሰውየውን ይጠይቃል። ዲስክ መቀየር ወይም የቡት ቅደም ተከተል መንካት ይበቃዋል።

ቁጥሩ አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። በስልክዎ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገብተው የሪከቨሪ ቁልፎች የሚለውን ይፈልጉ። ከአንድ በላይ ካለ፣ ሰማያዊው ገጽ ላይ የሚታየውን የቁልፉን መለያ የመጀመሪያ 8 ፊደላትና ቁጥሮች ያመሳክሩ። ቁልፉ ከሌለ ይህን ዲስክ ማንም ባለሙያ አይከፍትልዎትም። እከፍታለሁ የሚል ካለ ገንዘብዎን አይስጡት። የድሮው ዲስክ ግን አልተነካምና ወደ ቦታው ቢመልሱት ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከተነሳ ምስጠራውን ያጥፉ ወይም ሰስፔንድ ያድርጉት (ለጊዜው ያቁሙት)፣ ከዚያ እንደገና ይገልብጡ።

ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ላፕቶፑ ለሌላ ሰው የሚሄድ ከሆነ የባንክ ወረቀትዎንና የኢሜይል ፓስወርድዎን ለምን አብረው ይልካሉ? ፎርማት የሚገባበት ቦታ አለ ያልኩት ይህ ነው። አዲሱ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ይጫኑ። ልጁ በራሱ አካውንት ይግባ። የምስጠራ ቁልፉም በእሱ አካውንት ይቀመጥ። የድሮውን ዲስክ ለራስዎ ያስቀሩት።

ከአዳማ፣ ኡቡንቱ የሚጠቀም አንባቢ

ጂፓርትድ በሚባለው የፓርቲሽን ፕሮግራም ኡቡንቱዬን (ሊነክስ ነው) ወደ ኤስኤስዲ ኮፒ አድርጌ፣ እሱን የሚያስነሳውን ግረብን እንደገና ጫንኩ። ይነሳል፣ ግን ከሃርድ ዲስኩ ዘመን ይልቅ ቆይቶ ነው። «አንድ ደቂቃ ከ30 ሰከንድ» እያለ ይቆጥራል። ኤስኤስዲው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ዲስኩን አትክሰሰው። ስዋፑን (ራም ሲሞላ የሚያገለግለውን ፓርቲሽን) አዲስ ፈጥረሃል መሰለኝ። ጂፓርትድ ዋናውን ፓርቲሽን ሲገለብጥ ዩዩአይዲ የሚባለውን መለያውን እንዳለ ይወስዳል። ስለዚህ ግረብም ዋናውን አገኘው፣ ተነሳ። ስዋፕን ግን ኮፒ ሳታደርግ አዲስ ከፈጠርከው አዲስ መለያ ተሰጥቶታል። ኢቲሲ ውስጥ ያለው ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ግን የድሮውን ይጠብቃል። ኡቡንቱን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ፣ የሌለ ዲስክ 90 ሰከንድ ጠብቆ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ቆጠራው እሱ ነው።

ሱዶ ቢኤልኬአይዲ ብለህ የአዲሱን ስዋፕ መለያ ገልብጥ። ኤፍኤስታብ ውስጥ ባለው የስዋፕ መስመር ላይ በድሮው ምትክ ተካው። ኢኒትራምኤፍኤስ ቱልስ ሥር ያለው ሪዙም የሚል ፋይልም የድሮውን ይዞ ከሆነ እሱንም ለውጥና አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስን አስኪድ። ይህን ስትሠራ የድሮው ዲስክ አይሰካ። የሁለቱ ዋና ፓርቲሽን መለያ አንድ ስለሆነ የቱን እያስተካከልክ እንደሆነ ሊምታታብህ ይችላል። ማሽኑንም ቢሆን ሊያምታታው ይችላል። የድሮውን ለዳታ ማስቀመጫ ልትጠቀምበት ካሰብክ ቱን2ኤፍኤስ በሚለው ትእዛዝ አዲስ መለያ ስጠው፣ ከዚያ ስካው።